የአንዱ ድግስ ከሌላው ጾም ሲገጥም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሁለት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጬ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርቤአለሁ። ሁሉም በየፈርጁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ በእምነት የማይመስለንን ሰው በማዕዳችን፣ በሥራ ቦታችን ወይም በለቅሷችን እንዴት እናስተናግደው? መምህረ ሃይማኖትም ጠበቃም አይደለሁም። ወሎ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ በአንዱ ወገን ጸበል ጸዲቅ፣ በሌላው ወገን ሰደቃ በሚወጣበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የምመልሰውም በዚያ ካየሁትና ኋላ ከሕጉ ካነበብሁት ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን ልድር ነው። የምንኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ከጎረቤቶቻችን ከግማሽ በላይ ሙስሊሞች ናቸው፤ የእናቴም ወገን ሙስሊም ነው። ልጆቼ «ለሁለቱም ወገን ዶሮና ዓሣ አድርገን እንገላገል» ይላሉ። ባለቤቴ ግን «ለሙስሊሞቹ ለብቻ ይታረድ» ትላለች። ቀኑን ገና አልቆረጥንም። ምን ይመክሩናል?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። ዶሮም እንደ በሬ የሚታረድ ስለሆነ የልጆችዎ ሐሳብ ችግሩን ከትልቁ ቢላዋ ወደ ትንሹ ከማዛወር አያልፍም። ዓሣ ባይታረድም፣ ከወዲያኛው ድንኳን የጥብሱ ሽታ እየመጣ እርሱ ዘንድ ዓሣ ብቻ የቀረበለት እንግዳ «እኔን ለመገላገል ነው» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም።

ከሥጋው በፊት ግን ቀኑን አስቡበት። የኦርቶዶክስ ሠርግ ከጾም ወራት ውጭ ስለሚደረግ ብዙ ሰው የሚመርጠው ወይ ጥርን ነው፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ጊዜ። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ መልሱም ቅልቅሉም በየትኛውም ቀን ቢውል አያስቸግርም፤ በጥር ግን እነዚህን ሁለት ቀኖች መዝለል ያስፈልጋል። የሙስሊሞቹ አቆጣጠር ደግሞ በጨረቃ ስለሚሄድ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን መያዛቸውን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ረመዳን ወደ የካቲት ወርዷል፤ የጨረቃዋ መታየት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በ2020 ዓ.ም. ጥር 19 አካባቢ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጥር 8 አካባቢ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ለረጅም ዘመን ማንም ሳይጨነቅ የሚደግስበት ጥር፣ በመጪዎቹ ዓመታት ጎረቤታችሁ በቀትር ምግብ እያየ የሚቀመጥበት ወር ሊሆን ነው። ሠርጋችሁ እዚያ ላይ ከዋለ ወይ ከፋሲካ ወዲያ አሳልፉት፣ ወይም ለሙስሊሞቹ የሚቀርበውን ማዕድ ከመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሰላት፣ በኋላ አድርጉት። ከፋሲካ ወዲያ ብትሉም አረፋ በነዚህ ዓመታት በግንቦትና በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ስለሚውል ዋዜማውንና ማግስቱን ሽሹ፤ በዚያ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ወላጆቹ ዘንድ ይሄዳል፣ የቀረውም የራሱን እንግዳ ይቀበላል።

ወደ ሥጋው ስንመጣ፣ አባቶቻችን የነበራቸውን ልማድ የሚያሻሽል ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም። በሬውን፣ ወይም አቅም ካልፈቀደ በጎቹን፣ ገዝታችሁ ከነነፍሳቸው ለምታምኑት ሙስሊም ጎረቤት አስረክቡ። እርድ በእርሱ ግቢ፣ በእርሱ ቢላዋ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ይፈጸም፤ ወጡም በእነዚያው እናቶች ድስት ይሠራ። እንጀራው፣ በርበሬውና ቅቤው ከእናንተ ቤት ቢሄድ የሚያስቀይም አይሆንም፤ ጥንቃቄ የሚፈልጉት ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ፣ ጭልፋውና ትሪው ናቸው። አንዳንድ ደጋሽ ሙስሊም አራጅ ከጠራ በኋላ ሥጋውን በራሱ ወጥ ቤት ያሠራና፣ ምሽት ላይ ጭልፋው ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ሲዘዋወር የታየ እንደሆነ ያ ሁሉ ወጪ ከንቱ ይቀራል። የተረፈውን ሥጋና ቆዳውን እዚያው መተው ደግሞ የወግ ነው፤ «ቆዳውን ላኩልን» ብሎ መልእክተኛ የላከ ደጋሽ በሰፈራችን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲወራበት ሰምቻለሁ።

በእስልምና ቅዱስ መጽሐፍ የመጽሐፉ ሰዎች፣ ማለትም የአይሁድና የክርስቲያኖች፣ ምግብ እንደተፈቀደ የሚናገር አንቀጽ ስላለ «ታዲያ ለምን አይበሉልንም?» የሚል የተማረ ወጣት በየሠርጉ አይጠፋም። በአገራችን ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አለመብላቱ ከዘመናት ጀምሮ የእምነት መታወቂያ ሆኖ የኖረ ነው፤ ይህን በሠርግ ድንኳን ውስጥ በክርክር ለመፍታት መሞከር የእንግዳ ተቀባይ ሥራ አይደለም። ልጆችዎን ከዚህ ዓይነቱ ውይይት ይከልክሏቸው።

ድንኳኑ ለብቻ መሆኑ አያሳስባችሁ። ሁለት ድንኳን የሚያስፈልገው ሰውን ለመለየት ሳይሆን ጠላውና ጠጁ ባለበት መቀመጥ የማይወድ እንግዳ ስላለ ነው። በዚያኛው ድንኳን ለስላሳና ሳይፈላ የቀረበ ብርዝ ይቅረብ፤ ብርጭቆውም ጠላ ያልተቀዳበት ይሁን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አጋፋሪው ነው። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ አንዱን፣ ሰው የሚያውቀውንና አንደበተ ርቱዕ የሆነውን፣ የዚያ ድንኳን አጋፋሪ አድርጉት። እንግዳው በር ላይ «እናንተ ምን ትበላላችሁ?» ተብሎ ከመጠየቅ ይድናል፤ እርሱን ያየ ሁሉ ሥጋው የማን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ሙሽሮቹም ወደዚያ ድንኳን መጀመሪያ ገብተው ይመረቁ። መጨረሻ ላይ፣ እንግዳው እጁን ታጥቦ ሊነሣ ሲል የሚመጣ ሙሽራ በሰው ልብ ውስጥ ቅሬታ ይተዋል።

ስለ ወንጌላውያን እንግዶቻችሁ አልጠየቁኝም፤ ሥጋው ስለማያስቸግራቸው መጠጡን ብቻ ያስቡላቸው።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ሙስሊሞቹ የዓርብ ሰላት፣ አድቬንቲስቶቹ ቅዳሜን፣ ኦርቶዶክሶቹ ደግሞ በየወሩ የታቦት ቀን ይጠይቁኛል። ለአንዱ ስፈቅድ ሌላው «ለእኔስ?» ይላል። ሕጉ የሚያስገድደኝ ምን ድረስ ነው?
ኃላፊ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሕጉ የሚያስገድድዎ እርስዎ ከሚፈሩት ያነሰ፣ ሠራተኞችዎ ከሚገምቱት ደግሞ የተለየ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሃይማኖት ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በየሰባት ቀኑም ሳይቋረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። ይህ የዕረፍት ቀን በመሠረቱ እሑድ ሆኖ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሊለወጥ ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ ይበሉ፤ ለአድቬንቲስቶቹ የሚሆነው መፍትሔ የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ስለ ዓርብ ሰላት ወይም ስለ ታቦት ቀን አዋጁ ለይቶ የደነገገው ነገር የለም።

ሕዝባዊ በዓላት ለብቻቸው ናቸው፤ ገናም ዒድ አልፈጥርም ለሁሉም ሠራተኛ እኩል በዓል ሲሆኑ፣ በዚያ ቀን የሠራ ሰው ክፍያው ከመደበኛው እጥፍ አያንስም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ። ሦስቱ የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት ያለ ጥያቄ አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እጅግ ብዙ ሕዝብ፣ ክርስቲያኖችም ጭምር ተቀላቅለውበት፣ ለሙስሊሞች የእኩልነት መብት ሰልፍ ወጥቶ ነበር፤ በዓላቱ የታወጁት ከዚያ በኋላ በመጣው መንግሥት ዘመን ነው። ዛሬ በመውሊድ ቀን ቤቱ የሚያርፈው ክርስቲያን ሠራተኛዎ ይህን ቢያውቅ «ለእኔስ?» ሲል ድምፁን የሚቀንስ ይመስለኛል።

የዓርቡ ጉዳይ የሰዓት ድልድል እንጂ የፈቃድ ጥያቄ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ምሳ የሚወጡት ለዚሁ ነው፤ እርስዎም የዓርብን ምሳ ለመላው ፋብሪካ አስረዝመው ያንን ጊዜ በጠዋቱ መግቢያ ወይም በማታው መውጫ ቢያካክሱት፣ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው የተከለከለ ነገር አይኖርም። ለብቻው እየተመዘገበ የሚወጣ ሙስሊም ሠራተኛ በተቆጣጣሪው ዓይን ሁልጊዜ «የሚጎድል ሰው» ሆኖ ይቀራል፤ ምሳ የወጣ ሰው ግን ምሳ የወጣ ሰው ነው።

የአድቬንቲስቶቹ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀምሮ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ፈረቃ ላይ ተመድቦ ቅዳሜ ብቻ ዕረፍት የተሰጠው ሰው ሰንበቱን አላገኘም። ፋብሪካዎ እሑድ የሚሠራ ክፍል፣ ለምሳሌ የጥገና ወይም የጥበቃ ክፍል፣ ካለው ቅያሬውን እዚያ ይፈልጉት፤ እሑድን ለማረፍ የሚጓጓ ኦርቶዶክስና ቅዳሜን ለማረፍ የሚጓጓ አድቬንቲስት ባሉበት ፋብሪካ ሁለቱን ሳያገናኙ መቅረት የኃላፊው ስንፍና ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። የአለቃ ለውጥ በመጣ ቁጥር ሠራተኛው እምነቱን ከሥር ጀምሮ እንዲያስረዳ አይገደድም።

የታቦት ቀኖቹ ግን ሌላ ናቸው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ እያለ ወሩ ስለሚሞላ፣ ይህን ሁሉ ሥራ ፈቶ ማክበር አይቻልም፤ አገልግሎቱም በአብዛኛው ማለዳ የሚፈጸም ስለሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይቶ መግባትን መፍቀድ ብዙውን ጥያቄ ይመልሰዋል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ መውረድ የሚፈልግ ግን በዓመት ፈቃዱ ይሂድ። በአዋጁ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ጥያቄው ከወር በፊት እንዲቀርብ ብቻ ያድርጉ።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። በዐቢይ ጾም የሚጾም ኦርቶዶክስ ብዙ ጊዜ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም፤ የምሳ ሰዓትዎ 6 ሰዓት ከሆነ ምግቡን ሳይነካ ወደ ስፌት መኪናው ይመለስና ማታ እስኪወጣ ድረስ ጦሙን ይውላል። ሃያ ደቂቃ ዕረፍት በ9 ሰዓት ቢሰጠው ሥራው አይበደልም። በረመዳንም ፀሐይ በአገራችን ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ገደማ ስለምትጠልቅ፣ ማታ ፈረቃ ላይ ላለ ሙስሊም ቴምርና ውኃ የሚቀምስበት ጊዜ በዚያው ሰዓት ይያዝለት። በእንፋሎት መተኮሻው ላይ የቆመች ጾመኛ ራሷን ብትስት ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ያዛውሯት፤ «ለምን ጾምሽ?» ማለት ግን የእርስዎ ድርሻ አይደለም። ማን ከጾም ነጻ እንደሚሆን የሚወስኑላት ነፍስ አባቷ ወይም ሼኽዋ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለወንጌላዊት ጎረቤቴ የማርያም ዝክር በደገስሁ ቁጥር ዳቦና ጠላ እልክላታለሁ፤ ሁለት ጊዜ መለሰችብኝ። ተጣላችኝ ማለት ነው?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አልተጣሉም። ለቅዱሳን መታሰቢያ የተባረከ ዳቦ መቀበል በእርሷ እምነት ከዝክሩ መካፈል ስለሆነ ነው የመለሰችው። በሌላ ቀን ቡና አፍልተው ይጥሯት፤ ከመጣች ነገሩ በዚያው አለቀ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአንድ የዕድር ዳኛ ነኝ። የአንድ ሙስሊም አባላችን እናት ሲያርፉ ጡሩምባ ነፍተን፣ የአበባ ጉንጉን ይዘን ስንደርስ ቀብሩ ተፈጽሟል። ለለቀስተኛ ያበሰልነውን የሥጋ ወጥም ማንም አልነካውም። አፍረን ተመለስን። ደንባችንን እንዴት እናስተካክለው?
የዕድር ዳኛ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የሙስሊም ቀብር አይቆይም፤ ጠዋት ያረፈ ሰው በዚያው ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከዙህር (ከቀትሩ) ወይም ከዐስር (ከሰዓት በኋላው) ሰላት ቀጥሎ ይቀበራል። ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅ የክርስቲያኑ ልማድ ስለሆነ የእናንተ ደንብ የተሠራው በዚያ ልክ ነው። ለሙስሊም አባላት ጡሩምባው እስኪዞር አትጠብቁ፤ የስልክ ዝርዝር አዘጋጁና ሦስት አራት ሰው ወዲያውኑ ድንኳንና ወንበር ይዞ ይድረስ። የሚፈለገው ይኸው ነው። አስከሬኑ ታጥቦ በከፈን ተጠቅልሎ በቃሬዛ ስለሚሄድ ደንባችሁ ለሬሳ ሣጥን የመደበው ገንዘብ ቢኖር ለቤተሰቡ በጥሬው ይሰጥ። አበባው ይቅር። ሴቶች ወደ መቃብር ስለማይከተሉ ሴት አባሎቻችሁ እቤት ከሐዘንተኞቹ ጋር ይቀመጡ፤ ደረት መምታትና ዋይታም በዚያ ቤት አይወደድም፤ ሙሾ አውራጃችሁን አስቀድማችሁ አስጠንቅቋት።

ምግቡን በተመለከተ፣ የበሰለ ሥጋ ከመላክ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቡናና ዘይት መላክ ይሻላል። ንፍሮም ያስማማል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሰፌድ ያነሣዋል። አብስለን ካልወሰድን ሐዘኑ አልወጣልንም የምትሉ ከሆነም በዘይት የተሠራ የጾም ወጥ ውሰዱ፤ ምስርና ጎመን አራጅ አያስፈልጋቸውም። እኔ በልጅነቴ «የክርስቲያን ጾም ለሙስሊሙ ጎረቤት ይመቻል» ሲሉ የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ በሁዳዴ ድስታቸው ሁሉ ከሥጋ ስለሚጸዳ በዚያ ወራት ግቢው በሙሉ ከአንድ ሞሰብ እንበላ ነበር።

ንግግሩም ልዩነት አለው። «ነፍስ ይማር» ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም፤ «አላህ ይዘንላቸው፣ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ» ብትሉ ግን ሐዘንተኛው በራሱ አነጋገር ተጽናና ማለት ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር ደግሞ አለ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ በዚህ ጊዜ ያለ አስገዳጅ ጉዳይ ከቤት አትወጣም። ዕድራችሁ «ገንዘቡን ለመረከብ ባለመብቷ በአካል ትቅረብ» የሚል አንቀጽ ካለው ይህችን ሴት ይቀጣታል። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ እቤቷ ይሂድ።

በተቃራኒው ለክርስቲያን አባል ቀብር የሚመጡት ሙስሊሞች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቢቆሙ እንደ ንቀት አይታይ፤ ከፍትሐቱ በኋላ ወደ ድንኳኑ አብረው ይመለሳሉ። በአርባው ተዝካርም ለእነሱ የሚሆን ምን እንዳለ ደጋሹ ያስብ።

ጥያቄ፦ በኩዌት በቤት ሥራ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሁዳዴን ስጾም እመቤቴ «ረመዳን አይደለም፣ ለምን አትበይም? ታመሻል?» ትላለች። በረመዳን ደግሞ መብላት ያሳፍረኛል።
እህት፣ ከኩዌት

መልስ፦ እመቤትሽ ስጋው ቅቤው ሲቀርብሽ ስትተይው እንጂ ስትጾሚ አላየችም፤ በእሷ ዘንድ ጾም ማለት ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ምንም አለመቅመስ ነውና። በዐረብኛ ጾም ማለት የሆነውን «ሲያም» የሚለውን ቃል ተጠቅመሽ፣ 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማትበዪ፣ በስንት ሰዓትም እንደምትበዪ፣ መጨረሻው የትኛው ቀን እንደሆነ አስቀድመሽ ንገሪያት። መጨረሻው የታወቀ ጾም የሰውን ሥጋት ያበርዳል። በምስርና በባቄላ ራስሽን አጠንክሪ፤ ስትዳከሚ ካየችሽ የምትከለክልሽ ለራስሽ ብላ ነው።

በረመዳን ቀን ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት በኩዌት ሕግ ክልክል ነው፤ ይህ ሙስሊም ላልሆነ ሰውም ይሠራል፣ እስከ አንድ ወር እስራትም ሊያስቀጣ ይችላል። ስለዚህ መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ ውኃ እንኳ አትጠጪ። በክፍልሽ ወይም በወጥ ቤት መብላት ግን ክልክል አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትበዪበትን ቦታና ሰዓት ከእመቤትሽ ጋር ተስማሚ፤ ተደብቀሽ ስትበዪ መገኘቱ ከመብላቱ የከፋ ሆኖ ይታይብሻል።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ለገና ጃንዋሪ 7 ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ «ገና እኮ በዲሴምበር 25 አለፈ፣ ያን ቀን አርፈሃል» አለኝ። መብት አለኝ?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አለዎት፤ አለቃዎ ግን በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ የመለሰልዎ ይመስለኛል። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ርዕስ 7፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ግዴታ፣ ለድርጅቱ ከባድ ጫና እስካልሆነ ድረስ፣ እንዲያመቻች ያስገድደዋል። እምነቱ ከልብ የተያዘ መሆኑ ይበቃል፤ የብዙኃኑ የቀን መቁጠሪያ ላይ መገኘት አይጠበቅበትም።

«ከባድ ጫና» የሚለው ቃል ትርጉሙ ሲያከራክር ኖሯል። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዘመን አሠሪዎች ጥቂት ወጪ እንኳ ካሳዩ ይበቃቸው ነበር። በጁን 2023 እ.ኤ.አ. ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ አመላላሽ ጉዳይ፣ ግሮፍና ደጆይ በተባለው መዝገብ፣ በሙሉ ድምፅ የወሰነው ሌላ ነው፤ አሠሪው ጥያቄውን ላለመቀበል፣ ከሥራው ጠባይ አንጻር ሲታይ ብርቱ የሆነ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትልበት ማሳየት አለበት። የሥራ ባልደረቦች ሃይማኖቱን ስላልወደዱት የሚያነሡት ቅሬታ ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄዎን በቃል አይተዉት። ከስድስት ሳምንት በፊት በጽሑፍ፣ ለአለቃዎም ለሰው ኃይል ክፍሉም ያቅርቡ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልደትን በዚያ ቀን እንደምታከብር በሁለት መስመር ይግለጹ፤ ደብርዎ የምስክር ወረቀት ከሰጠዎት ያያይዙት። ከዚያ በገዛ ፈቃድዎ መለወጫ ያቅርቡ። መጋዘንዎ በዲሴምበር 25 ሰው የሚያሠራ ከሆነ «እኔ ልግባ» ይበሏቸው፤ በዚያ ቀን ለመግባት ፈቃደኛ የሆነ ሠራተኛን የሚመልስ አለቃ አላውቅም። ክፍያ ያለው ዕረፍት የግድ ይሰጡዎታል ብለው ግን አይጠብቁ፤ ሕጉ የሚሰጥዎ ቀኑን እንጂ የቀኑን ደመወዝ አይደለም።

ከከለከሉዎትም ለእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት ማለት ይችላሉ። የጊዜ ገደቡ 180 ቀን ነው፤ እንደ ሜሪላንድ የራሳቸው ተቋም ባላቸው ክፍላተ ሀገራት እስከ 300 ቀን ይዘልቃል፤ እርስዎ ግን 180ውን ቢቆጥሩ ይሻላል።

ቀኑን ሲጽፉ በእነሱ አቆጣጠር ይጻፉት። ገና በዘመነ ዮሐንስ በታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ሦስት ዓመታት በ29 ስለሚከበር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ይገኛል። ጥምቀት ግን ከጥር 11 ስለማይነቃነቅ በሦስቱ ዓመታት ጃንዋሪ 19፣ በዘመነ ዮሐንስ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በመጪው ዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም በ2020 ዓ.ም.፣ ከለመዱት ከአምናው ማመልከቻ ላይ ገልብጠው 19 ብለው ከጻፉ ከተራውን አርፈው ጥምቀትን ሥራ ላይ ይውላሉ።